ሥዕል ውስጥ ያለ ሰው ሥዕሉን ያያል?

ቶም ጄሪን ሲያባርር ከግድግዳ ጋር ይላተምና የገዛ ሰውነቱን ቅርጽ የያዘ ቀዳዳ ትቶ ያልፋል። በቀዳዳው ግን አይገረምም። ጄሪም ቢሆን እጁ ላይ ያሉት ጣቶች አራት ብቻ መሆናቸውን ቆጥሮ አያውቅም። የካርቱን ፊልም ወዳጆች ደጋግመው የሚያነሷት ጥያቄ ከዚሁ ትነሣለች፤ እነዚህ ገጸ ባሕርያት የተሳሉበት ስልት ይታያቸዋል? ዓለማቸው በጥቁር መስመር የተከበበችና በጥቂት ቀለም የተሞላች መሆኗን ያውቃሉ? ወይስ ለእነሱ ዓለም ማለት እንዲሁ ናት?

ለእኛ አገር ሰው ነገሩ ብዙም እንግዳ አይሆንም። በቤተ ክርስቲያናችን የግድግዳ ሥዕሎች ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዐይኑ ያየናል፤ ከሃዲው ደግሞ በጎኑ ተስሎ አንድ ዐይን ብቻ ይቀረዋል። ሥዕሉ ውስጥ ያለው ከሃዲ ሌላው ዐይኑ የት እንደ ደረሰ አይጠይቅም። ደጉን ከክፉው በዐይን ቁጥር የምንለየው ከሥዕሉ ውጭ የቆምነው እኛ ነን።

ጥያቄው ለሥጋ ለባሽ ሰው ቢቀርብስ? በአንድ ዘመን የአሳሳል ስልት ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው ያንን ስልት ለይቶ ያየዋል? ይህ በሦስት የሆላንድ ከተሞች፣ በዘሄግ፣ በሮተርዳምና በአምስተርዳም፣ በገንዘብና በክብር ተፈትኗል። ታሪኩን ብዙ ሰው ከመሀሉ ያውቀዋል፤ “ለናዚው ጌሪንግ ፎርጅድ ሥዕል የሸጠው ሰውዬ” ሲባል ይሰማል። መነሻው ግን ከዚያ ሩቅ ነው፤ ማለቂያው ደግሞ ገና ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1842–1909፤ የጠፋው ሰዓሊ

ዮሐንስ ቨርሜር በ1675 ዴልፍት ውስጥ ሲሞት ዕድሜው 43 ነበር፤ ለሚስቱና ለልጆቹ ያወረሳቸው ዕዳ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስሙን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። ብዙ ሥዕሎቹ በሌሎች ሰዓልያን ስም ይሸጡ ነበር። ስሙን መልሶ ያነሣው ቴዎፊል ቶሬ የሚባል ፈረንሳዊ ጋዜጠኛና የሥነ ጥበብ ሐያሲ ነው። በ1842 ዘሄግ በሚገኘው ማውሪትስሃውስ ሙዚየም “የዴልፍት እይታ”ን አይቶ በአድናቆት ተዋጠ፤ በ1866ም ስለ ሰዓሊው ያጠናውን በተከታታይ ጽሑፍ አወጣ።

ከዚህ በኋላ ቨርሜር ፍለጋው ጦፈ። ግን ሁሉም ዐይን እኩል አልተከፈተም። በ1881 ዘሄግ ላይ በጨረታ የቀረበች አንዲት የቆሸሸች የልጃገረድ ሥዕል ከነኮሚሽኑ በሁለት ጊልደር ከሠላሳ ሳንቲም ተሸጠች። ገዢው በ1902 ሲሞት ለማውሪትስሃውስ ተናዘዘላት። ዛሬ ዓለም “የዕንቁ ጉትቻ ያደረገችው ልጅ” ብሎ የሚያውቃት እሷን ነው።

በዚያን ጊዜ የሙዚየሙ ኃላፊ አብርሃም ብሬዲዩስ ነበር። ከ1889 እስከ 1909 ማውሪትስሃውስን የመራ፣ በሀብትም በዕውቀትም የታፈረ ሰው ነው። እሱ “ይህ ሬምብራንት ነው” ካለ ሬምብራንት ነው፤ “አይደለም” ካለም አለቀ። ቨርሜርን በተመለከተ ግን ሊቃውንቱ አንድ ራስ ምታት ነበረባቸው። የሰውየው ሥዕሎች ሠላሳ ስድስት ሠላሳ ሰባት ቢሆኑ ነው፤ አብዛኞቹም በመስኮት አጠገብ የቆሙ ጸጥተኛ ሴቶች ናቸው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ግን “ክርስቶስ በማርታና በማርያም ቤት” የሚል፣ የጣሊያን ሰዓልያን መንፈስ ያለበት ትልቅ ሥዕል ከነፊርማው ብቅ አለ። ታዲያ ወጣቱ ቨርሜር ሃይማኖታዊ ሥዕል ይሠራ ከነበረ የቀሩት የት ገቡ? ጥያቄው ሳይመለስ ሠላሳ ዓመት አለፈው። ሊቃውንቱ ምን ዓይነት ሥዕል እንደሚጠብቁ እየጻፉ ያሳትሙ ነበር፤ ለአስመሳይ ከዚህ የበለጠ ትእዛዝ የለም።

1913–1932፤ ዘመኑን የጠላው

ሃን ቫን ሜኸረን በ1889 ዴቬንተር ተወለደ፤ ዴልፍት ገብቶ የሕንጻ ንድፍ ተማረ፤ ልቡ ግን ያለው ሥዕል ላይ ነበር። በ1913 የሮተርዳሙን የቅዱስ ሎውረንስ ቤተ ክርስቲያን ውስጡን ስሎ ከትምህርት ቤቱ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ከዚያ ኑሮውን ዘሄግ ላይ አደረገ። የሀብታሞችን ፊት እየሳለ ጥሩ ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ በ1921 የሳላት አንዲት አጋዘን ደግሞ በብዙ ሆላንዳዊ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለች።

ሐያስያኑ ግን አልወደዱለትም። እጁ የሠለጠነ ነው፣ የራሱ የሆነ ነገር ግን የለውም አሉ። ጊዜው ሰዓሊው ሞንድሪያንና ጓደኞቹ ሥዕልን ወደ ቀጥ ያለ መስመርና ወደ ሦስት ቀለም ያወረዱበት ነው። ቫን ሜኸረን ይህን ሁሉ እንደ እብደት ቆጠረው፤ በ1928 ከአንድ ጋዜጠኛ ጓደኛው ጋር ዘመናዊ ሥዕልን የሚዘልፍ መጽሔት እስከ ማቋቋም ደረሰ። ራሱን ከዘመኑ ውጭ የቆመ የድሮ ሰው አድርጎ ያይ ነበር። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ።

በዚያው ከተማ ቴዎ ቫን ዌይንሃርደን ከሚባል ሥዕል አዳሽ ጋር ወዳጅ ነበር። በ1923 ከዚህ ክበብ የወጣ “ፍራንስ ሃልስ” አንድ ታላቅ ሊቅ ትክክለኛ ነው ብሎ ፈረመለት፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ምርመራ አጋለጠው። የሦስት መቶ ዓመት የዘይት ቀለም እንደ ድንጋይ መጠጠር ሲገባው ይህኛው ገና ለስላሳ ነበር፤ በዚያ ላይ ሃልስ በሕይወት ሳለ ያልነበሩ ቀለሞች ተገኙበት። ቫን ሜኸረን ትምህርቱን ወሰደ። ቀለም በጥቂት ቀን ውስጥ ድንጋይ የሚሆንበትን መላ መፈለግ ጀመረ።

1932–1938፤ ኤማሁስ

በ1932 ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ተዛወረና ሮክብሩን ውስጥ ቪላ ተከራየ። የቤት ዕቃ ይመስል ምድጃ አስገባ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ በመጀመሪያ ርካሽ የአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ይገዛል፤ ላዩን እየፋቀ ያነሣና ከሥር ያለውን ከነስንጥቁ ይተወዋል። ሰማያዊውን ቀለም እንደ ድሮው ሰው ላፒስ ላዙሊ ከሚባለው ድንጋይ ይወቅጣል። የቀለሙን ዱቄት የሚያቦካበት ከሊላ አበባ ዘይት ጋር በተዋሐደ ፌኖልና ፎርማልዴሃይድ ነው፤ ይህ ባክላይት የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት መሥሪያ ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ ከመቶ እስከ መቶ ሃያ ዲግሪ ሙቀት ባለው ምድጃ ውስጥ ይጋገራል፤ ቀለሙ ይጠጥራል። ከዚያ ሸራው በሲሊንደር ላይ ሲጠቀለል የድሮው ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ በስንጥቁ ውስጥ ጥቁር ቀለም ተሽቶ የዘመናት አቧራ ይመስላል።

በዚህ መንገድ በ1936 እና 1937 “እራት በኤማሁስ”ን ሠራ፤ ክርስቶስ ከትንሣኤው በኋላ እንጀራውን ሲባርክ። ሊቃውንቱ ሲጠብቁት የኖሩት ሃይማኖታዊው ቨርሜር መጣላቸው። በመካከለኛ ሰው በኩል ሞናኮ ለሚኖረው ለብሬዲዩስ ተወሰደለት። ሽማግሌው 82 ዓመቱ ነበር። ሥዕሉን አይቶ በደስታ ሰከረ፤ በኅዳር 1937 በታዋቂው የእንግሊዝ መጽሔት “ቡርሊንግተን” ላይ የቨርሜር ሥራዎች ቁንጮ አድርጎ አወደሰው። በግለሰቦችና በሬምብራንት ማኅበር መዋጮ፣ ከግማሽ ሚሊዮን ጊልደር በላይ ወጥቶበት፣ ለሮተርዳሙ ቦይማንስ ሙዚየም ተገዛ። በ1938 ለንግሥት ቪልሄልሚና የንግሥና በዓል በተዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ ከአራት መቶ በላይ ታላላቅ ሥዕሎች ቢሰቀሉም የሕዝቡን ዐይን የሳበው እሱ ሆነ።

ብዙ ጸሐፊዎች ጥፋቱን በብሬዲዩስ ዐይን መድከም ያሳብባሉ። እኔ አይመስለኝም። ሮተርዳም ላይ ሥዕሉን ያየው እልፍ ሰው ዐይኑ ጤነኛ ነበር። የሙዚየሙ ዳይሬክተር ሃኔማም ገና ጎልማሳ ነበር።

ዛሬ ያንን ሥዕል የሚያይ ማንም ሰው የሚደነግጠው በፊቶቹ ነው። የዐይን ቆባቸው ከብዶ ተከድኗል፤ ጉንጫቸው ጎድጉዷል፤ ከንፈራቸው ወፍሯል። ሴትየዋን ግሬታ ጋርቦን ትመስላለች ያላሉ ጥቂቶች ናቸው። ብርሃኑ ራሱ የሠላሳዎቹ ፊልም ብርሃን ነው። ቫን ሜኸረን ከዘመኑ ሸሽቻለሁ ቢልም ዘመኑ በብሩሹ ጫፍ ተከትሎታል። ለ1938 ሰው ግን ያ ፊት የአንድ ዘመን ፊት አልነበረም፤ ውብ ፊት ነበር፣ መንፈሳዊ ፊት ነበር፣ በቃ። አፍሮ አበጥረው ቤልቦተም ሱሪ ለብሰው የሰርግ ፎቶ የተነሡ ወላጆቻችን በዚያ ቀን የለበሱት ልብስ ብቻ ነበር፤ ዘመኑን በሱሪው ላይ ያየነው ከሠላሳ ዓመት በኋላ አልበሙን የገለጥን እኛ ነን። የ1938 ተመልካች ቨርሜር ውስጥ የማያውቀውን ባዕድ ነገር ቢያይ ኖሮ ይጠረጥር ነበር። ያየው ግን የራሱን ጣዕም ነው፤ ስለዚህም ቨርሜር “ዘመን የማይሽረው” መሰለው።

ያልተታለሉም ነበሩ። የኒውዮርኩ ትልቅ የሥዕል ነጋዴ የዱቪን ወኪሎች ሥዕሉን ፓሪስ ላይ አይተው የለየለት ፎርጅድ ነው ብለው ቴሌግራም መትተዋል። ነጋዴ ገንዘቡን ሊያወጣ ሲል የሚያይበት ዐይን ከሊቅ ዐይን ይሰላል መሰለኝ። ቴሌግራሙ ግን የንግድ ምስጢር ሆኖ ቀረ።

1940–1945፤ በወረራ ሥር

በሜይ 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች የሮተርዳምን መሀል ከተማ አቃጠሉት፤ ቫን ሜኸረን ሜዳልያ ያገኘበት የቅዱስ ሎውረንስ ቤተ ክርስቲያንም ግድግዳው ብቻ ቀረ። ሰውየው ወደ ሆላንድ ተመልሶ ነበር፤ በኋላም አምስተርዳም ኬይዘርስግራኽት ላይ ባለ የሀብታም ቤት ኖረ። መጠጡና ሞርፊኑ በዝቶበት እጁ እየከዳው ነበር። አዳዲሶቹ “ቨርሜሮች” ከኤማሁስ ይልቅ የከፉ ናቸው፤ የዐይን ቆቡ ይበልጥ ከብዷል፣ እጆቹ ተበላሽተዋል። ዋጋቸው ግን ጨመረ። በ1943 “የእግር መታጠብ” ለአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ከአንድ ሚሊዮን ጊልደር በላይ ወጣበት።

የከፋው ሥራ እንዴት ይበልጥ ተቀባይነት አገኘ? አንደኛ፣ እውነተኞቹ ቨርሜሮች መጠለያ ውስጥ ተደብቀው ስለ ነበር የሚያስተያይ የለም። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ይገርማል። ኤማሁስ አንዴ ቨርሜር ከተባለ በኋላ ራሱ መለኪያ ሆነ። ቀጣዩ ሐሰተኛ ሲመጣ ከኤማሁስ ጋር ይተያያል፤ ይመሳሰላሉ፤ እሱም ይጸድቃል። የቨርሜር መልክ በሊቃውንቱ ራስ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ቫን ሜኸረን መልክ ተለወጠ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኔልሰን ጉድማን በ1968 መጽሐፉ ይህን ክስተት አንሥቶ ተንትኖታል።

በእነዚሁ ዓመታት፣ በዚያችው አምስተርዳም፣ ሌላ ሰዓሊ ሌላ ዓለም ይሠራ ነበር። የሮተርዳም ተወላጁ ማርተን ቶንደር ከማርች 1941 ጀምሮ “ቶም ፑስ” የተባለውን የሥዕል ታሪክ በ“ደ ቴሌግራፍ” ጋዜጣ ላይ ማውጣት ጀመረ፤ የአኒሜሽን ስቱዲዮም አቋቋመ። ቶም ፑስ ነጭ ድመት ነው፤ ልብስ አይለብስም። ጓደኛው ጌታ ቦሜል ባለ አራት ማዕዘን ጥለት ካፖርት የሚደርብ፣ ቤተ መንግሥት የሚያክል ቤት ያለው ድብ ነው። ከንቲባው ጉማሬ ነው። ማንም በማንም አይገረምም። እዚያ ዓለም ውስጥ ደግሞ ቴርፐን ታይን የሚባል ሰዓሊ አለ፤ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ በነገር ሁሉ ውስጥ ንዝረት የሚሰማው። የከተማው ከበርቴዎች ሸራውን እያዩ ግራ ይጋባሉ፤ ይከራከራሉ። የቴርፐን ታይን ስልት ይታያቸዋል ማለት ነው። እነሱን ራሳቸውን የሠራቸው የቶንደር ቀለምና መስመር ግን ለአንዳቸውም ታይቶ አያውቅም፤ ሰዓሊውን ጨምሮ።

በ1944 መጨረሻ ጋዜጣው በናዚ አዘጋጅ እጅ ሲወድቅ ቶንደር ታመምኩ ብሎ ታሪኩን አቋረጠ። ቫን ሜኸረን ግን በወረራው ዓመታት ይሸጥ ነበር። “ክርስቶስና አመንዝራይቱ” በሄርማን ጌሪንግ እጅ የገባችው በአንድ ጀርመናዊ የባንክ ሰውና ነጋዴ በኩል ነው፤ ዋጋዋ 1.65 ሚሊዮን ጊልደር፣ የተከፈለውም ከመቶ በሚበልጡ ሌሎች ሥዕሎች ልዋጭ ነበር።

1945–1947፤ አምስተርዳም፣ ችሎት

ጦርነቱ ሲያልቅ ሥዕሏ ከጌሪንግ ስብስብ ውስጥ ተገኘች፤ ዱካዋም ወደ ቫን ሜኸረን መራ። በሜይ 1945 መጨረሻ የሀገርን ቅርስ ለጠላት ሸጠሃል ተብሎ ታሰረ። ክሱ ከባድ ነበር። ለሳምንታት አንገራገረና በጁላይ ቃሉን ሰጠ፤ ቨርሜር አልሸጥኩም፣ ራሴ የሠራሁትን ነው የሸጥኩት፤ ኤማሁስንም የሠራሁት እኔ ነኝ።

ያመነው አልነበረም። ስለዚህ በጥበቃ ሥር ሆኖ፣ ምስክሮች እያዩት፣ “ኢየሱስ በሊቃውንት መካከል”ን ሳለ። እነዚያው ከባድ የዐይን ቆቦች በምስክሮቹ ፊት ሸራው ላይ ወጡ። ቤልጂጋዊው ኬሚስት ፓውል ኮረማንስ የመራው ቡድንም ቀለሙ ውስጥ ባክላይቱን አገኘ።

ኦክቶበር 29 ቀን 1947 በአምስተርዳም የፍርድ ቤት አዳራሽ ግድግዳው ሁሉ በእሱ ሥዕሎች ተሸፍኖ ነበር። ክሱ ከሀገር ክዳት ወደ ማጭበርበር ወርዷል። ሕዝቡ በናዚው ላይ የቀለደ ጀግና አድርጎ ወሰደው፤ ጀግንነቱ ግን ቀዳዳ ነበረው። ስለ ራሱ ሥራዎች ያሳተመው መጽሐፍ ለሂትለር የአድናቆት ቃል ተጽፎበት በርሊን ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ እሱ ፊርማው እንጂ ጽሑፉ የእኔ አይደለም ብሎ አለፈ። አንድ ዓመት ተፈረደበት። ቅጣቱን ሳይጀምር በልብ ሕመም ዲሴምበር 30 ቀን 1947 ሞተ።

1948–1968፤ እጅና እርሳስ

እሱ በሞተ ማግስት፣ በ1948፣ ኤሸር የተባለው የሆላንድ ሰዓሊ ሁለት እጆች እርስ በርስ ሲሳሳሉ የሚታዩበትን ሥዕል አተመ። በ1943 ባወጣው ሌላ ሥራው ደግሞ ትናንሽ እንሽላሊቶች ከተሳሉበት ወረቀት ሥጋ ለብሰው ይወጣሉ፤ መጽሐፍ ላይ ይወጣሉ፤ አንዷ ከፍ ብላ ከአፍንጫዋ እስትንፋስ ትተፋለች፤ ከዚያ ወርደው ተመልሰው ወረቀቱ ውስጥ ጠፍጣፋ ይሆናሉ። የእኛን ጥያቄ ከዚህ በላይ በትክክል የሳለው ሰው አላውቅም። በ1954 የሂሳብ ሊቃውንት ጉባኤ አምስተርዳም ላይ ሲካሄድ ስቴደላይክ ሙዚየም ሥራዎቹን አሳየ። ዛሬ ዘሄግ ውስጥ በቀድሞ ቤተ መንግሥት የራሱ ሙዚየም አለው።

ሮተርዳም ላይ ግን ከወረቀቱ ለመውጣት ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ነበር። ባለጸጋው ዳንኤል ቫን ቡኒንገን “የመጨረሻው እራት”ን በቨርሜር ስም ገዝቶ ነበርና የአስመሳዩን ኑዛዜ፣ የፍርድ ቤቱን ውሳኔና የኬሚስቱን ማስረጃ አልቀበልም አለ። ኮረማንስን እስከ መክሰስ ደረሰ፤ ክርክሩ ሳይሰማ በ1955 ሞተ፤ ቤተሰቦቹ ቀጥለውበት ተረቱ። ቦይማንስ ሙዚየም ስብስቡን ገዝቶ ስሙን ከራሱ ስም ጋር አጣመረ።

ክርክሩን የዘጋው አሜሪካ ውስጥ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተደረገ የጨረራ ምርመራ ነው። በነጭ ቀለም ውስጥ ካለው እርሳስ ጥቂቱ ጨረር ያመነጫል፤ በየሃያ ሁለት ዓመቱም በግማሽ ይቀንሳል። በሦስት መቶ ዓመት ሥዕል ውስጥ ከሞላ ጎደል ማለቅ ነበረበት። በኤማሁስ ውስጥ ግን ገና ብዙ ነበር።

እስከዚያ ድረስ ግን ማሽኑ ብዙም አላስፈለገም። የሃምሳዎቹና የስድሳዎቹ ወጣት፣ ሠላሳዎቹን ያልኖረው፣ ሥዕሉን አይቶ በእነዚያ ፊቶች ላይ የወላጆቹን ዘመን ማንበብ ችሏል። ሽማግሌዎቹ ሊያዩት ያልቻሉትን ያየው በዕውቀት በልጦ አልነበረም፤ ዘግይቶ ስለ ተወለደ ነው።

1983–2023፤ ክርክሩ ቀጥሏል

በ1983 የቶንደር ቦሜል የመጀመሪያው ሙሉ ርዝመት ያለው የሆላንድ አኒሜሽን ፊልም ሆኖ ለሲኒማ በቃ። በ2010 የሮተርዳሙ ሙዚየም የቫን ሜኸረንን ሐሰተኛ ቨርሜሮች ያለ ኀፍረት ሰብስቦ አሳየ፤ ሕዝቡም አሁን ሊያይ የሚመጣው ሐሰተኛነታቸውን ነው። በ2017 ደግሞ “ላቪንግ ቪንሰንት” የተባለ የፖላንድና የእንግሊዝ ፊልም ወጣ፤ ወደ 65 ሺህ የሚጠጉ ምስሎቹ እያንዳንዳቸው በዘይት ቀለም በቫን ጎግ ስልት ተስለዋል። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕሪ ወጣቱ ሩለን በሚሽከረከረው ሰማይ ሥር ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፤ ስለ ሟቹ ሰዓሊ ሰው ሁሉ ይጠይቃል፤ ስለ ሰማዩ ግን አንድም ቃል አይተነፍስም።

እኛስ? በኦክቶበር 2022 የዋሽንግተኑ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ማዕከል ለረጅም ጊዜ በስሙ የኖረችውን “ዋሽንት የያዘች ልጅ” ከመረመረ በኋላ የቨርሜር አይደለችም፣ ከእሱ ጋር ይሠራ የነበረ ሰው ሥራ ናት አለ። በፌብሩዋሪ 2023 ራይክስሙዚየም በታሪክ ትልቁን የቨርሜር ኤግዚቢሽን ሲከፍት ከ28ቱ ሥዕሎች አንዷ አድርጎ ሰቀላት፤ የአምስተርዳም ባለሙያዎች በዋሽንግተኑ ድምዳሜ አልተስማሙም። ሁለቱም ወገን ዛሬ ያለውን ረቂቅ መሣሪያ ሁሉ ተጠቅሟል፤ ሁለቱም ወገን የዚህ ዘመን ዐይን አለው። ልጅቱ አምስተርዳም ላይ ቨርሜር ሆና ሰነበተች፤ ኤግዚቢሽኑ በጁን ሲዘጋ ወደ ዋሽንግተን ተመልሳ ከስሙ ወጣች።